ዘፋኙ የታለ፣ አቦ?

ድሬዳዋ ላይ ለሙዚቃ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ ምንጣፉ ላይ ሰፊ ቦታ አለ። ቬንትሌተሩም የዞረው ወደዚህ ነው።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ኮንሰርት ስትሄዱ ከዋናው ዘፋኝ በፊት የሚወጣ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ባንድ ካለ፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱና ስሙት። ዘፋኝ ከሌለው ይበልጥ ስሙት። ጊታሩ የሚያጉረመርም፣ ድራሙ ደረት የሚመታ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ከቦታችሁ እንዳትነሱ። እንዲህ ዓይነቱን ከባድ ሙዚቃ በስልክ ሰምቶ መውደድ ይከብዳል። ፊቱ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። እኔ የወደድኩት ፊቱ ቆሜ ነው፤ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ።

ወደዚያ ምሽት ከመግባቴ በፊት ስለ ጆሯችን ትንሽ ላውራ።

እኛ የግጥም ሰዎች ነን። አዲስ ዘፈን ሲወጣ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ምን አለ?» ብለን ነው። ግጥሙን ማን ጻፈው? ማንን ለመንካት ነው? ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ? አንዲት ስንኝ ልባችን ከገባች ዜማው ደከም ቢልም እናልፈዋለን። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል። ግን አንድ ነገር አስቀርቶብናል። ድምፃዊ የሌለበትን ሙዚቃ እንደ ሙሉ ሥራ አንቆጥረውም። «ክላሲካል» እንለውና የሌላ ነገር ማጀቢያ እናደርገዋለን። ሬዲዮ ላይ ዜና እስኪጀምር ይለቀቃል። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ይከፈታል። ሆቴል ውስጥ ምሳ ስንበላ ከጀርባ ይሰማል። ማን ተጫወተው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከምንወዳቸው ዘፈኖች ውስጥ ቤዙን የተጫወተውን ሰው ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

እንግዲህ በዚህ ጆሮ ነው ያን ምሽት የሄድነው።

ኮንሰርቱ ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ ነበር። ሰው የመጣው ለአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። ወለሉ የቀኑን ሙቀት አልለቀቀም። ሁሉም በየጠረጴዛው ለስላሳውን ይዞ ያወራል። መድረኩን ዞሮ የሚያይ የለም።

አራት ልጆች ወጡ። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም። «እንዴት ናችሁ ድሬዎች!» የለም። ያስተዋወቃቸውም ሰው የለም። መሃል የሚቆመው ማይክራፎን ወደ ጎን ተገፍቷል። ከኋላዬ አንዱ ጮክ ብሎ «ዘፋኙ የታለ፣ አቦ?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

አንደኛው ጊታሪስት ጎንበስ አለና እግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ የብረት ሳጥን ረገጣት። ፔዳል የሚሏት ናት። መጀመሪያ የመጣው አንድ ኖታ ብቻ ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ ሻካራ። መታውና ለቀቀው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አየሩ ላይ ቆየ። ደገመው። ድራሙ ዝም፣ ቤዙ ዝም። ሰዉ ወሬውን ቀጥሏል። ልጁ ግን አልቸኮለም። ከአራት ኖታ አንዲት አጭር ሐረግ ሠራ፤ ሙዚቀኞች ሪፍ የሚሏትን። እሷኑ ይደጋግማል። ሁለተኛው ጊታር ያችኑ ሐረግ ከፍ ባለ ድምፅ ይዞ ገባ። አሁንም መደጋገም። ከዚያ ቤዙና ድራሙ አንድ ላይ ወረዱ።

ሸሚዜ ደረቴ ላይ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ አልነበረም። እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ነበርና እንጨቱ መዳፌ ሥር ይነዝራል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ማንም እስካሁን ምንም ቃል አልነገረንም። ግን አንድ ነገር እየተነገረን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

የድራመሩን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወለሉ ለስላሳ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም በተመታ ቁጥር ወደ ፊት ይንሸራተታል። ልጁ በአንድ እጁ እየመታ በሌላው ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ይሄን ያየ የግቢው ሠራተኛ ሮጦ ሄደና ግማሽ ብሎኬት ይዞ መጣ። ከድራሙ ፊት አስቀመጠና በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አጠበቀው። ድራመሩ በአገጩ አመሰገነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ምት ሌላ ነው! እስከዚያ ድረስ ድራሙ እንዳያመልጠው እየተጠነቀቀ ይመታ ነበር ማለት ነው። ብሎኬቱ ከመጣ በኋላ ያለውን ሁሉ ሰጠ።

ሙዚቃው ሄደ ሄደና፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር ክብደቱ ብቻ እየጨመረ መጣና፣ ድንገት አራቱም እኩል አቆሙ። ቁርጥ። ግቢው ውስጥ ወሬ እንደሌለ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ማን መቼ ዝም እንዳለ እንጃ። ድራመሩ በስቲኩ አራት ቆጠረ። ያችው ሪፍ ተመለሰች። «ዘፋኙ የታለ» ያለው ሰውዬ ተነስቶ ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

ከጎኔ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። ጆሯቸውን ይይዛሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሎኮሞቲቭ ነው» አሉኝ። «ሎኮሞቲቭ በጆሮ ብቻ አይሰማም። እጅህን ታሳርፍበታለህ። የታመመበትን ቦታ እጅህ ነው የሚነግርህ።» ስለዚህ ሙዚቃ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

እሳቸው በእጃቸው ያወቁትን እስቲ በቁጥር እንየው።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ በኸርዝ ይለካል። የተለመደው ጊታር ወፍራሟ ክር 82 ኸርዝ ገደማ ናት። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር የዚያ ግማሽ ናት፤ 41 ኸርዝ አካባቢ። በዚያ ልክ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ጮክ ብሎ ሲመጣ ጆሮ ላይ ብቻ አያርፍም። ደረት ላይ ያርፋል፣ ሆድ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ወለል ላይ። ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ግጥሙ ሳይሰማችሁ የቤዙ ምት ብቻ ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለን ድምፅ ግድግዳ በቀላሉ አያቆመውም። ከባድ ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች ደግሞ ብዙዎቹ ክሩን ከተለመደው በታች ያላሉታል። የበለጠ ይወርዳል።

የስልክ ስፒከር ይሄን ያህል የወረደ ድምፅ አያወጣም። ትንሽ ናታ፤ አቅሟ አይፈቅድም። ስለዚህ ይህን ሙዚቃ በስልክ ከፍቶ «ጩኸት ነው» ያለን ሰው አልፈርድበትም። የሰማው ከላይ ያለውን ሻካራ ድምፅ ብቻ ነው። መሠረቱ አልደረሰውም።

ያ ሻካራ ማጉረምረም ደግሞ ዲስቶርሽን ይባላል። የጊታሩ ድምፅ አምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ከሚችለው በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ። አንዲት ክር ብዙ ሆና ትሰማለች። ድምፁም ቶሎ አይሞትም፤ ይቆያል።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? እስቲ በገናን አስቡ። አሥር አውታር አለው። በየአውታሩና አውታሩን ከታች በሚደግፈው እንጨት መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲደረደር ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል። የበገና ግርማ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆዳዋ ብትወጣ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ግርማው ግን ይሄዳል። ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብለው ያሻከሩት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ያውም ለጸሎት። በገናንና ሮክን አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ዓላማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ግን ዝቅ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ የሚነዝር ድምፅ ሰውን ወደ ውስጥ እንደሚመልስ እኛ ከጥንት እናውቃለን። ሐረር ጁገል ውስጥ የዚክሪ፣ የሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ፣ ከበሮ ሲደጋገም ያመሸ ሰውም የመደጋገምን ጉልበት አያጣውም። እዚህ ያላችሁ ሐረሪዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ውጭ እንሂድ። በኤሌክትሪክ ጊታር ይህን መንገድ ከጀመሩት አንዱ አሜሪካዊው ሊንክ ሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 «ራምብል» የሚል ሥራ አወጣ። ግጥም የለውም። የፈለገውን ሻካራ ድምፅ ለማግኘት የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ ወጋግቶ በሳሳው። ሙዚቃው ሲወጣ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ። ወጣቱን ለጠብ ያነሳሳል ብለው ነው። አንድም ቃል የሌለበት ሙዚቃ! እኛ አገር ሳንሱር በነበረበት ዘመን ሳንሱሩ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰርዘው ግጥም ነበር። እነዚያ ግን የሚሰርዙት ቃል ሳይኖር ፈሩ። ድምፁ ራሱ ምን ያህል እንደሚናገር ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ቀጥሎ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ናት። የፋብሪካ ከተማ። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ብረት ቆርቆሮ የሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ሊለቅ በመጨረሻው የሥራ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ልጁ ግራኝ ነው፤ ጊታሩ ላይ ክር የሚጫነው በቀኙ ነው። አለቀለት ማለት ነው፤ ራሱም እንደዚያ አሰበ። የፋብሪካው አለቃው ግን የጃንጎ ሬይንሃርትን ሸክላ ይዞለት መጣ። ጃንጎ በእሳት ቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ከጥቅም ውጭ ሆነውበት በቀሩት ጣቶች የተጫወተ የጃዝ ጊታሪስት ነው። አዮሚ ሰማውና ተነሳ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቆብ ላይ ቆዳ ለጠፈበት። ቀጫጭን ክር ገጠመ። ኋላ ላይ ደግሞ ክሮቹን አላላቸው፤ ለጣቱ ይቀለዋል፣ ድምፁም ይወርዳል። ብላክ ሳባዝ በተባለው ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያውን አልበም አወጣ። ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው ሁሉ ከዚያ ድምፅ ብዙ ወስዷል።

ይሄን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ ድሬ ናት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰና ከተማዋ በሐዲዱ ዳር ተቆረቆረች። የባቡር ወርክሾፑ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው፤ የብዙዎቻችን አባትና እናት እጅ እዚያ ነው የዋለው። ብረት ሲመታ፣ ማሽን ሲነሳ፣ ፉጨት ሲጮህ ሰምተን ነው ያደግነው። ይህ ሙዚቃ ለእኛ ባዕድ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። የተወለደው እንደኛ ባለ ከተማ ነው።

ብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ነበራቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ባንዶች ዘፋኙን ጨርሰው ተዉት። ከዌስት ቨርጂኒያ የወጣው ካርማ ቱ በርን ለምሳሌ ለሥራዎቹ ርዕስ እንኳ አይሰጥም ነበር፤ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ አሳታሚያቸው ዘፋኝ ይግባ አለ፤ ገባ። በሁለተኛው አልበም ዘፋኙ የለም። እነሱ የሚታወቁት ደግሞ ያለ ዘፋኝ በሠሩት ነው። የቺካጎው ረሽያን ሰርክልስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ ነው። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጊታሪስቱ የተጫወተውን እዚያው መድረክ ላይ በፔዳል ቀድቶ እየመለሰ በላዩ ሌላ ይደርባል። ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ ሦስት ናቸው ብላችሁ አታምኑም።

እኛስ ጋ? እኛ ጋ ጌታቸው መኩሪያ ነበር። ሽለላና ፉከራ በቃል የሚወጣ ነገር ነው፤ ግጥም ነው፣ ወኔ ነው። ጌታቸው ግን ሽለላውን በሳክስፎን ሸለለው። ቃሉ የለም፣ ወኔው ሙሉ ነው። ይሄ እኮ ዛሬ የማወራው ነገር ራሱ ነው። ኋላ ላይ ዘ ኤክስ ከተባለ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ተገናኘ። እነዚህ ሰዎች ከ1979 ጀምሮ በሻካራ ጊታር የኖሩ ናቸው። አብረው በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አወጡ። ሁለቱም ቁጥሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሽለላውና የሚያጉረመርመው ጊታር ጎን ለጎን ሲሄዱ ስሙት፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ። እንዲህ ዓይነት ድፍረት የነበረው ሰው ስም ወጣት ሙዚቀኞቻችን አፍ ላይ የሚገባውን ያህል አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ዋልያስ ባንድን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት «ሙዚቃዊ ስልት» ከባድ አይደለም፤ ግን ቃል ሳይኖረው ዓለምን ዞሯል። ጃኖ ባንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ኤርታሌ» አልበም የሮክ ጊታርን ከአማርኛ ጋር አምጥቶልናል። እነሱ ጥሩ ድምፃውያን ነበሯቸው። እኔ የምመኘው በዚያ መንገድ ትንሽ ገፋ ብሎ የሚሄድ፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን በወፍራም ጊታር፣ ዝግ ባለ ድራም፣ ያለ ግጥም የሚጫወት ባንድ ነው። አንቺሆዬ በዲስቶርሽን ምን እንደሚመስል ቤታችሁ ጊታር ያላችሁ ሞክሩት። አይ፣ ያስፈራል! ያምራል።

ወደ ድሬ ልመለስ። የዚያ ምሽት ትልቁ ነገር ሙዚቃው ብቻ አልነበረም፤ ሰዉ ነበር።

ድሬ አንድ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ የሚነገርባት ከተማ ናት። መጋላ ገብቶ በአንድ ቋንቋ ብቻ ገበያ ጨርሶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ዓሊ ቢራ በብዙ ቋንቋ የዘፈነው እንዲያው አልነበረም። የከተማዋን ጆሮ ስለሚያውቅ ነው። ግን አንድ ዘፋኝ በአንድ ቋንቋ ሲዘፍን ምን ይሆናል? የእሱን ቋንቋ የሚናገሩት ተነስተው አብረው ይዘፍናሉ። ሌሎቹ ፈገግ ብለው ያጨበጭባሉ። ክፋት የለበትም፤ ግን አንዱ የቤት ሰው፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። እነዚያ አራት ልጆች ሲጫወቱ እንግዳ አልነበረም። ለማንም ያልተዘፈነ ነገር ለሁሉም ደረሰ። ሻይ የምትሸጠው የሶማሌ እናት ከበር ገብታ ቆማ ነበር። ባቡረኛው አዛውንት ነበሩ። ከሳቢያን የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከሌላው ቀድሞ ሙዚቃው የገባው ማንም አልነበረም። ሁላችንም እኩል ነው የደረስነው።

ምሽቱን እንከን የለሽ አላደርገውም። ሦስተኛው ሥራቸው ተንዛዛ። ሁለተኛው ጊታሪስት ጣቱ ፈጣን መሆኑን ሊያሳየን ፈለገና ክብደቱ ተበተነ። ይሄ ከባድ ሙዚቃ የሚጀምሩ ልጆች ሁሉ ፈተና ነው። ክብደት በፍጥነት አይመጣም። በጩኸትም አይመጣም። ሳውንድ ማኑ ሁሉንም ነገር ወደ ላይ ከገፋው ከፍና ዝቅ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ የሚቀረው ግድግዳ ነው። ክብደት የሚመጣው በመጠበቅ፣ በመደጋገምና በትክክለኛው ሰዓት ዝም በማለት ነው። የመጀመሪያውን ሥራቸውን ትልቅ ያደረገው ያ ቁርጥ ያሉበት ቅጽበት ነው።

ካበቁ በኋላ ሰዉ ወደ ወሬው ሲመለስ ወደ መድረኩ ሄድኩ። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ገመዱን በክርኑ እየጠቀለለ ነበር። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሙቀቱ ክሩን እያላላባቸው በየሥራው መሃል እንደገና ሲቃኙ እንደነበር ነገረኝ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ድምፁም ይወርዳል። የሚለማመዱት አንዱ ቤት ነው፤ ጎረቤት እንዳይቆጣ መስኮቱ ላይ ፍራሽ ያቆማሉ። ስማችሁ ማን ነው ስለው ደስ አለው። ከመድረክ ሲወርዱ ሰው የሚጠይቃቸው ዋናው ዘፋኝ መቼ እንደሚወጣ ነው አለኝ። እዚህ ስማቸውን የማልጠራው ፈቃድ ስላልጠየቅኳቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ስትደርሱ ስፒከሩ አፍንጫ ሥር አትቁሙ። ጥሩው ቦታ ሳውንድ ማኑ አጠገብ ነው፤ እሱ የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ስለሆነ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። የጆሯችሁን ነገር ደግሞ አደራ። 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ለ8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ከባድ ባንድ 100 ዴሲቤልን በቀላሉ ያልፋል። ፋርማሲ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ካገኛችሁ ግዙ። ቤዙን አይወስድባችሁም፤ ደረታችሁ ይሰማዋል። በጆሮ ውስጥ የሚሞት የመስሚያ ሴል ተመልሶ አይበቅልም። በሙዚቃ ምክንያት ሙዚቃ ማጣት የለባችሁም።

እዚህ የተቀመጣችሁ የአዳራሽ ባለቤቶችና አዘጋጆች አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ከዋናው ዘፋኝ በፊት ለአንድ የከተማው ባንድ ግማሽ ሰዓት ስጡ። ስሙን ፖስተሩ ላይ ጻፉ፤ በትንሹም ቢሆን ይጻፍ። ሳውንድ ቼክ የሚያደርግበት ጊዜ ይኑረው። ዋናው ባንድ ሁለት ሰዓት ሲሞክር ቆይቶ ለእነሱ አምስት ደቂቃ ከተረፋቸው፣ መጥፎ ቢመስሉ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ክፈሏቸውም። የባጃጅና የሳንድዊች ብር ክፍያ አይደለም። ወለላችሁ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከድራሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፉ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ግን በወረቀት የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። «ከየት እንጀምር?» ይላል። ከጌታቸው መኩሪያ ጀምሩ፤ ለጆሯችሁ ቅርቡ እሱ ነው። ከዚያ «ሞዓ አንበሳ»ን ስሙ። ከዚያ «ራምብል»ን፤ አጭር ነው። ከዚያ ረሽያን ሰርክልስን። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም። ጥሩ ስፒከር ያለው ጓደኛ ቤት ሂዱ፣ መብራት ሳይጠፋ።

ሌላም ወረቀት አለ። «ቤዝ ጊታር አለኝ፣ አምፕ የለኝም፣ አብሮኝ የሚጫወትም የለም» ይላል። ጽሑፉ የወንድ ልጅ ነው መሰለኝ። ከገንደ ቆሬ ነኝ ብሏል። የት ነህ? እሺ፣ አየሁህ። እዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ሳትገቡ በፊት አምፕ አለኝ፣ ድራም የሚመታ ወንድምም አለኝ ብላኛለች። ወንበሮቹን ስናነሳ እንዳትሄዱ። እናስተዋውቃችኋለን።